ወደ ውሃ የማይወርደው ሰዓሊ

የሰዓሊ እንየው አስከሬን ዘንገና ሐይቅ ዳር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ራሱ ውሃ ውስጥ፣ እግሩ ሣር ላይ ነበር። ከአጠገቡ የስዕል ማቆሚያው ወደ ሐይቁ ዞሮ ተተክሏል፤ የተወጠረው ሸራ ግን ባዶ ነው።

«ሊስል ወርዶ አንሸራትቶት ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ።

ኢንስፔክተር ፍቅርአዲስ ጎንበስ ብላ የሟቹን ማጅራት አየች። አብጧል። ዳርቻው ጭቃ ሆኖ ሳለ የጫማው ሶል ንጹሕ ነው።

«ወደ ፊት የወደቀ ሰው ማጅራቱን ምን መታው?» አለች።

እንጅባራ ወደሚገኘው ቤቱ ሄደች። በስዕል ክፍሉ ያሉት ሸራዎች አብዛኞቹ ዘንገናን የሚያሳዩ ናቸው፤ ሐይቁ ግን ሁልጊዜ ከሩቅ ኮረብታ ላይ እንደሚታየው ሩቅ ነው፤ ዳርቻውን ጉም ሸፍኖታል። ሸራዎቹ ተገለባብጠዋል፣ መሳቢያዎቹም ተከፋፍተዋል። ክፍሉን አሸገችና ያየችውን ለማንም ሳትናገር ወጣች።

የሟቹ እናት ወይዘሮ ምሥራቅ ጓሮ ተቀምጠዋል። እንባ የላቸውም።

«ልጅዎ ሐይቁ ድረስ ይወርድ ነበር?»

«እሱ? ዝናብ ያቆረውን እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፍ። ታናሽ ወንድሙ ምንይችል ዘንገና ከሰመጠ ወዲህ እንዲያ ነው። ሕፃኑን ይዞት የወረደ እሱ ነበር። ሲሰምጥ ትቶት ሮጠ። ያየውን የነገረን ጓደኛቸው ይኸነው ነው። እንየውማ ‹አልሮጥኩም› ብሎ ነበር፤ ማን ይመነው።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ለቅሶ ሄጄ ነበር። ስመለስ እቤት የለም።»

ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው ፍሬም ሠሪ ዳውድም ስለ ውሃው ያንኑ ነገራት። «ጫግኒ ስንሄድ ድልድይ ላይ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ትናንት ጠዋት ለኤግዚቢሽኑ የሚሆን አንድ ስዕል አምጥቶ ‹ከእንግዲህ ጉም አልስልም› አለኝ።»

ስዕሉን ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «ሸፍነህ አቆየው» አለችው።

ይኸነው ራሱ ጫግኒ የሚኖር የእህል ነጋዴ ነው። ኤግዚቢሽኑን እንዲያይ እንየው ጠርቶት በመኪናው መጥቶ ሆቴል አርፏል።

«ውሃ እኮ ነፍሱ ነው!» አላት። «በልጅነታችን ከዘንገና የሚያወጣው አልነበረም። ያው አመሉ ገደለው።»

«ከልጅነት በኋላ ተገናኝታችኋል?»

«ምንይችል በሞተ ሰሞን እኛ ጓዛችንን ጠቅልለን ጫግኒ ገባን። ከዚያ ወዲህ ገና አሁን መገናኘታችን ነው።»

በማግስቱ ሦስቱንም በስዕል ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ዳውድ በጨርቅ የተሸፈነውን ስዕል ግድግዳ አስደግፎ ቆመ።

«እንየው ሐይቁ ዘንድ በእግሩ አልሄደም፤ ጫማው ጭቃ አልነካም» አለች። «እዚሁ ማጅራቱን ተመትቶ በመኪና ተወሰደ። ገዳዩ አደጋ ለማስመሰል ማቆሚያውን ውሃ ዳር ተከለ። ወይዘሮ ምሥራቅና ዳውድ ቢሆኑ ይህን አያደርጉም፤ ፍርሃቱን ያውቃሉ። ይህን ያደረገ ዋናተኛውን ልጅ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ይኸነው ሳቅ አለ። «ምን ቆርጦኝ ጓደኛዬን እገድላለሁ?»

ፍቅርአዲስ ዳውድን ጠቀሰችው። ጨርቁ ተነሣ።

ጉም የለም። ዳርቻው ላይ አንድ ትልቅ ልጅ የገፋባቸው እጆቹ ገና እንደተዘረጉ ቆሟል። ከፊቱ ሕፃን እየሰመጠ ነው። ሌላ ልጅ አንገቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ እጁን ወደ ሕፃኑ ዘርግቷል።

ይኸነው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ይሄ እዚህ አልነበረም!»

«አልነበረም፤ ዳውድ ዘንድ ነበር» አለች ፍቅርአዲስ በዝግታ። «እዚህ እንዳልነበረ እርስዎ እንዴት አወቁ? ይህን ክፍል ማን በረበረው?»

ይኸነው እንደደከመው ሰው ተቀመጠ።

«ለጨዋታ ነበር የገፋሁት። ልጅ ነበርኩ፣ ፈራሁ፣ በእንየው አላከክሁ» አለ። «የሳለውን ሲነግረኝ፣ ሰው ፊት አትስቀለው ብዬ ለመንኩት። ‹የሳልኩት እናቴ እንድታየው ነው› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ወይዘሮ ምሥራቅ ግን ወደ ስዕሉ ቀረቡ። ጣታቸው ምንይችልን አልፎ፣ አንገቱ ድረስ ውሃ በዋጠው ልጅ ላይ ቆመ።

«ገብቶ ነበር» አሉ። «ልጄ ገብቶ ነበር።»