ሦስት ጊዜ የወረደው ሞተር

መርማሪዋ ስትደርስ የባለጋራዡ አስከሬን ገና ከመኪናው ሥር አልወጣም። ከጉልበት በታች እግራቸው ብቻ ወደ ውጭ ተዘርግቷል። የተጫነቻቸው ጥቁር መኪና ከመርማሪዋ ዕድሜ የምትበልጥ አሮጌ ናት።

«ክሪኩ ከዳው» አሉ የሟች ወንድም፣ ብረት በማሽን የሚልጡት የጋራዡ ቶርኖ ሠሪ። ግድግዳውን በአንድ እጃቸው ይዘዋል። «አርባ ዓመት አብረን ሠራን። ብረት ዘመድ የለውም።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። ክሪኩ አልተንሸራተተም፤ ዝቅ ብሎ በቦታው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ክሪኩን የሚያወርደው ማስተንፈሻ ግን ተፈትቷል። ሟቹ ከተኙበት ሊደርሱበት አይችሉም። መደገፊያ ብረቶቹ ቀድመው ተነስተው ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል።

«ክሪክ ራሱን በራሱ አይፈታም» አለች በልቧ።

መጀመሪያ የመኪናዋን ባለቤት አነጋገረች። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መኪናዋ ቀድመው የሞቱት ሚስታቸው ነበረች።

«ሦስት ጊዜ ሞተሩ ወረደ» አሉ። «ፒስተኑም፣ ዘይት የሚያግደው ጓርኒሲዮንም አዲስ ገባ፤ የሞተሩ ዘንግም እዚሁ ቶርኖ ላይ ተላጠ። ከኋላ በኩል ዘይት ማንጠባጠቧን ግን አልተወችም።»

«ባለጋራዡን ተቀይመዋቸው ነበር?»

«ማንን ልቀየም? እሱ ከእኔ ብሶ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደውሎ ‹የሚያፈስበትን ደረስኩበት፣ ለጊዜው አጥብቄልሃለሁና ና› አለኝ። መጥቼ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ስናወራ ነው ጓ ያለው።»

ዘበኛውም ይህንኑ መሰከረ።

ቢሮ የምትሠራው የሟች ልጅ ዓይኗ አብጧል። «ከመለዋወጫ ሻጩ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር። አባቴ ‹ጨርሻለሁ!› ሲል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ... ያ ድምፅ።»

«‹ጨርሻለሁ› ማለታቸውን እርግጠኛ ነሽ?»

«ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት። ደስ ብሎት ነበር።»

ሻጩ ተደወለለት፤ ልጅቷ ከስልኩ እንዳልተለየች አረጋገጠ፣ ድንጋጤዋን እሱም ሰምቷል።

«እርስዎስ የት ነበሩ?» አለች ወደ ቶርኖ ሠሪው ዞራ።

«ማሽኔ ላይ። ቶርኖ እየጮኸ ምን ይሰማል? ልጅቷ ስትጮህ ነው የደረስኩት።»

መርማሪዋ ቶርኖውን አስነስታ ቢሮው ውስጥ ገብታ ቆመች። ከመኪናዋ አጠገብ አብሯት የመጣው ባልደረባዋ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጣራ አንዲት ቃል አልሰማችም። ከዚያ የሟቹን ማስታወሻ ደብተር ከሥራ ጠረጴዛው አንስታ ለብቻዋ አነበበች። እውነቱን ማወቅ እንዲህ አቅም ሲያሳጣት የመጀመሪያዋ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ክሪኩን የፈታው ከውጭ የነበረ ሰው ነው» አለች። «መምህር በር ላይ፣ አንቺ ስልክ ላይ ነበራችሁ። ቶርኖው ቢሠራ ኖሮ ደግሞ የአባትሽ ድምፅ ቢሮ አይደርስም ነበር። ስለዚህ ማሽኑ ጠፍቶ ነበር።»

ልጅቷ ወደ አጎቷ ዞረች። «አጎቴ?»

«ታገሺኝ። ክሪኩ የተፈታበት ቦታ ላይ የቆመ ሰው የሟቹን እግር አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ያየዋል። አይቶ የፈታው ከሆነ ግድያ ነው።» ካሊፐር የሚባለውን የብረት መለኪያ ለቶርኖ ሠሪው ሽማግሌ ዘረጋችላቸው። «አባባ፣ ይህን ያንብቡልኝ። የመኪናዋ ዘንግ ልክ ነው።»

በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ስልሳ ሚሊ ሜትር» አሉ።

ልጅቷ በትከሻቸው አሻግራ አየችና አፏን ያዘች። መርማሪዋ ራሷ ሆን ብላ መለኪያውን ሃምሳ ሁለት ላይ ነበር ያስቆመችው።

«ስልሳ የሚገባው ልክ ነው፤ በቃልዎ ያውቁታል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዘንጉ ግን ከኋላ በኩል በእርስዎ እጅ ከልኩ በላይ ተልጧል። ሦስት ጊዜም ዘይት ያፈሰሰው በዚያ ነው።»

ሽማግሌው ካሊፐሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ሁለት ዓመት ሆነኝ። ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ። ቶርኖውን ከተውኩ ምን እሆናለሁ ብዬ ለእሱ እንኳ ደበቅኩት። ድሮ ‹ጨርሻለሁ› ሲለኝ መደገፊያውን አንስቼ፣ እግሩን እያየሁ፣ እስኪወጣ ጠብቄ ነበር የማወርደው። ዛሬ... የወጣ መሰለኝ። መኪናዋን ካወረድኩ በኋላ ብጠራው አልመለሰልኝም።»

«አባቴ ያውቅ ነበር?» አለች ልጅቷ።

መርማሪዋ ደብተሩን ገለጠች። ባትመልስላት ደስ ባላት ነበር፣ ግን አነበበችላት፦ «ጥፋቱ የዘንጉ አይደለም፣ የወንድሜ ዓይን ነው። እንዳይከፋው ከምሳ በኋላ ቀስ ብዬ ላናግረው።»

ሕጉ የሚለውን መርማሪዋ ታውቃለች፤ እዚህ ግን ማንንም የሚጠቅም አልመሰላትም።

ሽማግሌው ተነሱ፤ እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። የዘረጉት ግን ወደ መምህሩ ነበር።

መምህሩ ልጅቷን አዩ። ልጅቷ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ቢቸግራቸው፣ እኔ ነኝ ሳይሉ የተዘረጉትን እጆች ያዙ።