ትንፋሽ የማያስተላልፈው ኢርፎን

ወሬ የማጋንን ሰው አይደለሁም።

የጭነት መኪና ስምሪት ክፍል ነው የምሠራው። "ጎማ ፈንድቶብኝ ነው"፣ "መንገድ ተዘግቶ ነው" የሚሉ ሾፌሮችን ቀኑን ሙሉ በስልክ እየሰማሁ እውነቱን ከውሸቱ ማበጠር ሥራዬ ነው። ስለዚህ ይህ ነገር ደርሶብኛል ስላችሁ፣ ደርሶብኛል።

የምጽፈው ከቢሮዬ ወንበር ላይ ነው። ለምን ቤቴ እንዳልገባሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የምሮጥበት ሜዳ ላይ ሰዎች ኳስ ይጫወቱ ነበር። የሚያስፈራ ነገር በጨለማ ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል...

ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባቴን ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይንቀሳቀሱም። እናቴ በሕይወት የለችም፤ እህት ወንድም የለኝም። እኔ ለእሱ፣ እሱ ለእኔ ብቻ ነን። ቀን ቀን ጎረቤታችን ትጠብቀዋለች፤ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩን ዘግታ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች። እኔ የምገባው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

በመሃል ያለችው አንድ ሰዓት የሩጫዬ ሰዓት ናት።

ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። ስኳሬ ሰማይ ነክቶ ሐኪሜ አፍጥጣብኝ ነው። "ካልሮጥሽ አንቺም ትወድቂያለሽ። ያኔ አባትሽን ማን ያነሳዋል?"

ታዲያ አንድ ቀን ዘፈኔን ከፍቼ ስሮጥ፣ አባቴ ከአልጋው ወድቆ ዘጠኝ ጊዜ ደውሎልኛል። አልሰማሁም። ስገባ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት።

"አይዞሽ... ወለሉ ቀዝቀዝ ይላል፣ ተመችቶኛል" አለኝ።

አንጀቴን በላው። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

በማግስቱ ስልክ ዕቃ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ከቅጥነቱ የተነሳ "ሽቦ" ነው የምንለው።

"ለስፖርት ነው ለስልክ?"

"ለሁለቱም። አንድ ብቻ።"

"እህቴ፣ ሁለቱ አይገናኙም እኮ። የስፖርቱ ጆሮ ላይ ጥብቅ ይላል፣ ላብም አይፈራም። ማይኩ ግን የሚያስተላልፈው ነፋስና ትንፋሽሽን ነው። የስልኩ ደግሞ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ሁለት እርምጃ ስትሮጪ ግን መሬት ላይ ነው። ሁለት ግዢና ገላግዪኝ።"

"አንዱን አውልቄ ሌላውን እስካደርግ አባቴ ይውደቅልህ?"

ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር ሳጥን የሌለው ጥቁር ኢርፎን አወጣ።

"ይሄ ሁለቱንም ይሠራል። ስልክ ሲመጣ ራሱ ያነሳል። ትንፋሽሽን ቆርጦ ድምፅሽን ብቻ ነው የሚልከው።"

"ታዲያ ለምን ደበቅከው?"

"አንዴ ተሽጦ የተመለሰ ነው። ምንም አልሆነም። ሰውየው... አልተስማማኝም ብሎ ነው።"

ገዛሁት። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው የገዛሁት።

ቤት ወስጄ ለአባቴ ሳሳየው ሳቀብኝ። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ነው የሚባለው። አንቺ ሁለታችንንም በአንድ ባላ ልትሰቅይን ነው?"

ሰኞ ዕለት አደረግኩትና ሮጥኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ አባቴ ደወለ። እንደተባለው ራሱ አነሳ።

"ዛሬ አልሮጥሽም እንዴ?"

"እየ... ሮጥኩ ነው... አባዬ" አልኩት እያለከለክኩ።

"ውሸታም! ሶፋ ላይ ተደላድለሽ የተቀመጥሽ ነው የምትመስዪው። ትንፋሽሽ እንኳን የለም።"

ሳቅኩ። ሽቦን በልቤ መረቅኩት።

ማክሰኞ ደግሞ ሜዳውን እየዞርኩ ሳለ ደወለ።

"ልጄ፣ ቅድም ያልሽኝን አድርጌያለሁ።"

"ምን አልኩህ?"

"መስኮቱን ዝጋው አላልሽም? በግራ እጄ በምርኩዙ ገፋ አደረግኩት።"

አላልኩም።

ስትሮክ የመታው ሰው አንዳንዴ ነገር ይደባለቅበታል ብላኝ ነበር ሐኪሟ። የሆዴን በሆዴ ይዤ "ጎበዝ አባዬ" አልኩት። ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ሳየው ግን እግሬ ቆመ።

ከአሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ጀምሮ... የአሥራ አራት ደቂቃ ጥሪ። ከአባቴ። ተነስቷል።

በዚያ ሰዓት እኔ ዘፈን እየሰማሁ ነበር። ዘፈኑ አንዴም አልተቋረጠም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። አባቴ አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ ከእኔ ጋር አውርቷል፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ኢርፎኑን ይዤ ሽቦ ጋ ሄድኩ። የሆነውን ስነግረው እንደፈራሁት ሳቀብኝ። ስልኬን ተቀብሎ አጠፋው፤ ኢርፎኑን ጆሮው ውስጥ ከተተ።

ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

"ስልኩ ጠፍቷል አይደል?"

"አንተው ነህ ያጠፋኸው።"

"ሴት አለች..." አለኝ በሹክሹክታ።

"ምን ትላለች?"

"ምንም። ታለከልካለች... እየሮጠች ነው።" ኢርፎኑን በጣቱ ጫን አደረገው። "እየሮጠች ነው... እየሮጠች... አሁን ቆመች።"

ከጆሮው ነጥቆ አወጣው።

"ለምን ቆመች?" አልኩት።

"የሰማችኝ መሰለኝ።"

ግንባሩ በላብ ርሷል። ኢርፎኑን በጨርቅ ይዞ ወደ እኔ ገፋው። "ውሰጂልኝ። እዚህ እንዳትተዪው።" ከዚያ ለራሱ የሚናገር ይመስል፣ "ትንፋሹን ይቆርጣል እያልኩ ስሸጥ... የቆረጠውን የት እንደሚያደርሰው አስቤ አላውቅም" አለ።

ቢሮ ተመልሼ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ያን ቀን ሩጫም ቀረ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በቀጥታ ወደ ቤት በረርኩ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጥቼ፣ እያለከለክኩ በሩን ከፈትኩት።

አባቴ ከመደንገጡ የተነሳ ትራሱን ይዞ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ!"

ረጅም ጊዜ አየኝ። "ትንፋሽሽ..." አለ። "ትንፋሽሽ የልጄ አልመስልህ አለኝ" ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። እግሩን ሳሻሽ አመሸሁ፤ ስለ መኪኖቹ፣ ስለ ሾፌሮቹ ውሸት አወራሁለት። እሱ ግን በየመሃሉ ስልኩን ያያል። የሚጠብቀው ሰው ያለ ይመስላል።

ሐሙስ መጣ።

መቅረት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ጠዋት የለካሁት ስኳሬ ከሰኞውም ብሶ ነበር፤ ደግሞ ኢርፎኑ ተቆልፎበታል፣ ምን ይመጣል አልኩ። ስልኬን በእጄ ጨብጬ ሜዳው ላይ ወጣሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሲል ደህንነቱን ልጠይቅ ደወልኩ።

መስመሩ ተይዟል።

ለአባቴ ከእኔ በቀር የሚደውልለት ሰው የለም። ጓደኞቹ ሰልችተው ከተዉት ዓመት አልፏል። እንደገና ደወልኩ። ተይዟል። እንደገና... ተይዟል። ወደ ቤት እየሮጥኩ ደወልኩ።

በአምስተኛው ተነሳ።

"አባዬ! ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

"ማን ልበል?" አለኝ። በጨዋ ድምፅ።

"እኔ ነኛ! ልጅህ!"

የግድግዳ ሰዓታችን ሲቆጥር በስልኩ ይሰማኛል።

"ልጄማ መጥታለች" አለ በሹክሹክታ። "በር ላይ ናት። ክፈትልኝ እያለችኝ ነው።"

"እንዳትከፍት! አባዬ፣ ስማኝ... እኔ መንገድ ላይ ነኝ... እንዴትስ ትነሳለህ? መነሳት አትችልም!"

"ቀስ ብለህ ተነሳ፣ አለሁልህ ትለኛለች።" ድምፁ ውስጥ ለሁለት ዓመት ሰምቼው የማላውቅ ደስታ ነበር። ከዚያ ደግሞ ተጠራጠረ። "አንቺ ግን ማነሽ? ለምን እንዲህ ታለከልኪያለሽ? ልጄ እኮ አታለከልክም።"

ስልኩ ተዘጋ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ከአንድ ሰው ጋር ተጋጨሁ፤ አንድ መኪና ጥሩንባውን አስጮኸብኝ። ደረጃችን ጋ ስደርስ ደረቴ ሊፈነዳ ደርሷል።

በራችን ገርበብ ብሏል።

ልገፋው እጄን ስዘረጋ ከውስጥ ተከፈተ።

አባቴ ነው። ቆሟል። በሁለት እግሩ... ያለ ምርኩዝ። ጢሙ ተላጭቷል። የሸሚዙ ቁልፎች እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል፤ ዘወትር ጠዋት የምቆልፍለት እኔ ነኝ፣ የአንገቱን ግን ያንቀዋል ብዬ አልቆልፈውም።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ዓይኑ ላይ አንድም እኔን የሚያውቅ ነገር የለም።

"ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ።

ማንን ፈልገው... ለእኔ። ለልጁ።

"አባዬ" ልለው ከንፈሬን አላቀቅኩ። ድምፅ አልወጣኝም። ከትንፋሽ በቀር ምንም የለኝም። በራፉ ላይ ቆሜ አለከለክኩ፣ አለከለክኩ... እሱም ፈራኝና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ያን ጊዜ ከማድቤቱ የእኔ ድምፅ መጣ። የተረጋጋ፣ ያልደከመው፣ ደህና አርፎ የዋለ የእኔ ድምፅ።

"አባዬ፣ ብርድ ይመታሃል። ዝጋውና ና።"

አባቴ ፈገግ አለ። "እሺ ልጄ" አለ፤ እኔን እያየ አይደለም።

ከዚያም በቀኝ እጁ በሩን ዘጋብኝ።