ጎረቤት ያልተጠራበት ቡና

ሞረዳ በነቀምቴ ከተማ የአንድ ነጋዴ ቡና ተረካቢ ነበር። ቀኑን ሙሉ በቡና ጆንያ መካከል እየዋለ፣ የሚጠጣውን ግን ጧትና ማታ ከቡና ቤት ይገዛ ነበር። ጓደኞቹን መጋበዝም ስለሚወድ ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ ያልቅበታል። ሚስቱ ቀለሟ ከብዙ ዓመት በኋላ ስታረግዝ ግን ደነገጠ። «ልጅ እየመጣብኝ ገንዘቤን በሲኒ እያፈሰስሁ ልኖር ነው?» ብሎ ቡና ቤቱን እርግፍ አድርጎ ተወ። ቡናው በቤቱ ይፈላ ጀመር። እስከዚህ ድረስ ሞረዳ ይመሰገናል፤ እንደ እርሱ ያደረገ ሁሉ ይመሰገናል።

ችግሩ ቁጠባ የጣፈጠው ሰው ማቆሚያውን አለማወቁ ነው። በሰፈሩ ሴቶች ቡና የሚያፈሉት በተራ ነው፤ ዛሬ በአንዷ ቤት፣ ነገ በሌላዋ። ተራው የቀለሟ በሆነ ቀን ሞረዳ ጀበናው እየተሞላ ደግሞ ሲሞላ አየና ቆሽቱ አረረ።

«ከዛሬ ጀምሮ ለሁለታችን ብቻ ነው የምታፈዪው» አላት። «ማንንም አትጥሪ። ሲጠሩሽም አትሂጂ፤ የሄደ ሰው በተራው መጥራት አለበት።»

«ኧረ አንተ ሰው! ብቻዬን ስጠጣ እንዴት ይወርድልኛል? ሰውስ ምን ይለኛል?»

«ሰው ያሻውን ይበል። የሰው ወሬ ልጄን አያሳድግልኝም።»

ጎረቤታቸው እትዬ አሰፋች የሸዋ ተወላጅ ናቸው፤ ኦሮምኛው ከአማርኛው ጋር ተቀላቅሎባቸዋል። ጧት ጧት በአጥሩ ላይ «ያ ቀለሟ፣ ኮቱ! ነይ፣ ቡና ደርሷል!» እያሉ ይጣራሉ። ቀለሟ አንድ ቀን ራሴን አሞኛል፣ ሌላ ቀን ላሜን እያለብሁ ነው አለች። የሚቆላ ቡና ሽታ ግን አጥር አያግደውም። ጎረቤቶቿ ቡናዋን እያሸተቱ ምክንያቷን ሰሙ፤ ቅር አላቸው፤ ኋላም መጥራቱን ተዉት።

እትዬ አሰፋች ግን ሆዳቸው አልችል ቢላቸው ሞረዳን በር ላይ ጠብቀው አነጋገሩት።

«ቡናህን አልፈለግንም ልጄ። ከቤታችን ይዘን እንምጣ። ቀለሟ ወሯ ገብቷል፤ ሰው ሊያያት ይገባል።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ግን ይዞ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። እኔ የምቆጥበው ለሚወለደው ልጅ ነው።»

«ለልጁ ብለህ ነው ከወዲሁ ጎረቤት የምትነሳው?»

ሞረዳ ስቆ ገባ።

ያልገባው ነገር ይህ ነው። በዚያ ሰፈር የጧት ቡና መጠጥ ብቻ አልነበረም። ሲኒ ሲደረደር አንዷ ከቀረች «እገሊት ዛሬ የት ቀረች?» ይባላል፤ ሌላዋ ተነሥታ በሯን ታንኳኳለች። የታመመችው፣ የቸገራት፣ ከባሏ የተጣላችው የምትታወቀው በዚህ ነበር። ለዚህ ነገር ማንም አዋጅ አላስነገረም፤ ስለዚህ ሞረዳ ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

በቡና ለቀማ ወራት አሠሪው ቡና እንዲረከብ ቢላ ወደምትባለው ከተማ ላከው። ቀለሟ በሩ ላይ ቆማ «ልቤ ፈርቷል፤ ለእትዬ አሰፋች ንገርልኝ» አለችው። ቶሎ እመለሳለሁ ብሏት ሄደ። እትዬ አሰፋችን ግን ሳያናግር በደጃቸው አለፈ፤ ሰፈሩ እንደገና ቤቱን ይለምዳል ብሎ ሰግቶ ነበር።

ምጡ በማግስቱ ጧት መጣ። ቀለሟ ወደ በሩ ልትሄድ ስትል ወደቀች፤ መነሣትም አቃታት። ከአጥሩ ማዶ ሴቶቹ ተሰብስበው ነበር። ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ፣ ሰው ሲስቅ ትሰማለች። ተጣራች፤ ድምጿ ከሙቀጫው በላይ አልወጣም። ሲኒው ተደረደረ፤ ቀለሟ የት ቀረች ያለ አልነበረም። ቀኑ እንዲሁ መሸ።

በነጋታው ያልታለበችው የላሟ ጩኸት አላስቀምጥ ቢላቸው እትዬ አሰፋች አጥሩን ጥሰው ገቡ። ቀለሟ በሕይወት ነበረች። ልጁ ግን ሞቷል።

ሞረዳ ሲመለስ ቤቱን በሰው ተሞልቶ አገኘው። ቡናውም ቆሎውም ከየቤቱ የመጣ ነበር። የሆነውን ሲነግሩት እንደ እብድ ጮኸ።

«አጥር ለአጥር ሆናችሁ እንዴት አላወቃችሁም? ጆሮ የላችሁም?»

እትዬ አሰፋች እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ተቀይመን ነበር። ነገር ግን ልጄ፣ ድሮ ቀለሟ አንድ ጧት ብትቀር ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቅ ነበር። መቅረቷን ያስለመድኸን አንተ ነህ።»

ሞረዳ በሴቶቹ ፊት መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ ቡናችሁን በቤታችሁ አፍሉ። ገንዘብ ይተርፋችኋል፤ ይህን ለሁሉም እመክራለሁ። ጎረቤትን ግን ከወጪ አትቁጠሩት። ሲኒ የምትነፍጉት ሰው፣ በጭንቅ ቀን በራችሁን ሊያንኳኳ የሚችለው እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ በዚያ ቤት ቡና ሲፈላ አጥሩ ላይ ቆሞ የሚጣራው ሞረዳ ራሱ ነው። ሰዎቹ ይመጣሉ፤ ይጠጣሉ፤ ይመርቃሉ። ቀለሟም ትቀዳላቸዋለች። ስለዚያ ቀን ግን ከባሏ ጋር አንድም ቃል ተነጋግራ አታውቅም።