እምቢ ያለው እንጨት

ማመንም አለማመንም የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ቀኝ እጄ ሥራ ይዟል... ምን ሥራ እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ቦታው ቆቦ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያንጫጫው ነበር።

ዘካሪያስ እባላለሁ። አናጺ ነኝ፣ የአናጺ ልጅ።

የራያ ሰው የሆናችሁ "እምቢ"ን ታውቁታላችሁ። ስድስት የእንጨት ቁራጮች እርስ በርስ ተቆላልፈው ቡጢ የሚያህል ነገር ይሆናሉ። ለመነጣጠል ስትታገሉ እምቢ የሚላችሁ መጫወቻ ነው።

እሱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ባለባጃጁ ተራ ሲጠብቅ እምቢ ይዞ ነው። ቃሚው ጫቱን ታቅፎ እምቢ ይዞ ነው። ዋጃ ደረሰ፣ ጎብዬ ደረሰ። አንዱ ጎረምሳ በአርባ ሰከንድ ነጣጥሎ ቲክቶክ ላይ ከለቀቀው ወዲህማ ሌላ ሥራ መቀበል ተውኩ። ከጥድፊያው ብዛት የቀኝ አመልካች ጣቴን እንጨት የማጠብቅበት ሞርሳ ያዘውና ጥፍሬ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ግድ አልሰጠኝም። ልቤ አብጦ ነበር።

ግን ፈጠራው የኔ አልነበረም...

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሜ አህመድ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ የሰፈራችንን ልጅ የኢብሮን አባት በዶማ መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰውየው ማሽላው መሐል ወደቀ፣ በዚያው ቀረ።

ደሙን መመለስ የኢብሮ ተራ ሆነ።

ሽማግሌዎች ገቡ። አባቴ ስድስት እንጨት ጠርቦ ቆላልፎ አመጣላቸው። ሁለቱንም ወገን እጃቸውን እላዩ ላይ አስጭነው አስማሉ።

"ይህ እንጨት እስኪላቀቅ ድረስ ደም አይፍሰስ።"

የሚቀመጠው ከሟች ወገን ዘንድ ነው። የኢብሮ እናት ሳሊሀ ወስዳ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

አባቴ ሊሞት ሲል ወደ አፉ ጎትቶኝ አንሾካሾከልኝ።

"አይላቀቅም... ውስጡን በግራር እሾህ ሰክቼዋለሁ።"

እኔ ምን አደረግሁ? እሾሁን ትቼ ቅርጹን ወሰድኩ። የደም መሐላ መጫወቻ አድርጌ ሸጥኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

መጀመሪያ አንዱ እምቢ ከዋጃ ተመለሰ። "ይሄ ጭራሽ አልላቀቅ አለ" ብለው ላኩት። በመሮ ሰነጠቅሁት።

ውስጡ የግራር እሾህ ነበር።

እኔ እሾህ አልከትም። እሾሁ ደግሞ እርጥብ ነው... ቀይ። ሙጫ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በሳምንቱ ሁለት ከጎብዬ መጡ። በአንደኛው ሁለት ጓደኛሞች እየተናጠቁ ሲታገሉ፣ አንዱ የሌላውን ጥርስ በድንጋይ አርግፎታል። እሱንም ሰነጠቅሁት። እሾህ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ።

አህመድ ከጀርባ ክፍል እንጨት ይልጋል። የመላጊያው ድምፅ ይሰማኛል። በሩ ድንገት ጨለም አለ።

ኢብሮ ነው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ዘኬ።"

"ወአለይኩም ሰላም። ግባ።"

እናቱ ሳሊሀ ከሞተች ወር አልሞላትም። ሻሿን እንደ ጥቅል ይዞታል። ጠረጴዛዬ ላይ ገለጠው... አሮጌው እንጨት፣ የአባቴ።

"የሰፈሩ ልጆች ይስቁብኛል" አለ በሹክሹክታ። "የሁሉም ይላቀቃል። የኛ ብቻ ለምን?"

"ተወው ኢብሮ። መልሰህ ቆልፍበት።"

"ደም አልፈልግም፣ ወላሂ። እውነቱን ብቻ ንገረኝ።"

እውነት ልብ የሚያበርድ መሰለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ዘነጋሁት።

"እሾህ አለው" አልኩት። "አባቴ ነው የሰካው። መቼም አይላቀቅም።"

እንጨቱን አንስቶ አገላበጠው።

"እናቴ አሥራ አምስት ዓመት የጠበቀችው እሾህ ነው?"

እንጨቱን አስቀምጦ እጁን አነሳ። የኔም እጅ ጉልበቴ ላይ ነበር። ማንም አልነካውም።

ቀጭ።

አንዱ ቁራጭ ወጣ... በራሱ። ከውስጥ የሚገፋው ያለ ይመስል ቀስ ብሎ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ስድስቱም ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ።

እሾህ የለም። የተሰካበት ቀዳዳ እንኳ የለም።

የመላጊያው ድምፅ ቆመ።

"ዘኬ፣ ማነው?" አለ አህመድ፣ ብቅ ብሎ።

ኢብሮ መጥረቢያዬን መቼ እንዳነሳ አላየሁም። ቀኝ እጄን መሐል ሰደድኩ። የመጀመሪያው ምት አመልካችና የመሐል ጣቴን ይዞ ሄደ። ሁለተኛው አህመድ አንገት ላይ አረፈ። ሦስተኛውም እዚያው። ወንድሜ የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ወደቀ፣ ፍቅፋቂው ደሙን ጠጣው።

ኢብሮ መጥረቢያውን ጥሎ ቁጭ አለ። ፖሊስ እስኪመጣ እጁን እያየ ያንኑ ይደጋግም ነበር።

"ተላቀቀ እኮ... ዘኬ፣ ተላቀቀ።"

አህመድን በማግስቱ ቀበርነው። ጣቶቼንም አብረን ልንቀብር ፍቅፋቂውን በወንፊት ነፋነው።

አልተገኙም።

አሁን ተራው የኔ ነው። ኢብሮ እስር ቤት ነው። ታናሽ ወንድሙ ግን በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ባጃጁን ይዞ በደጄ ያልፋል። ምንም አላጠፋም። አንገቱን ግን አያለሁ... ሳላስበው አየዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። "እንደ አባትህ ሥራ" አሉኝ። በስምንት ጣት ሠራሁ። እሾህ አስገባሁ፣ አንድ ሳይሆን ሦስት። እጄን ጭኜ ማልኩ። በአፌ ይቅር አልኩ። ልቤን አላህ ያውቀዋል።

የሟች ወገን እኔ ነኝና እንጨቱ እኔ ቤት ተቀመጠ።

በየቀኑ፣ ባጃጁ ሊያልፍ ሲል፣ አንዱ ቁራጭ የጥፍር ያህል ወጥቶ አገኘዋለሁ። ገፍቼ እመልሰዋለሁ።

ዛሬም ገፋሁት።

እምቢ አለ።

ጠንክሬ ገፋሁ... ከውስጥ መልሶ ገፋኝ። ጎንበስ ብዬ በክፍተቱ አየሁ።

ጥቁር ጥፍር።

ቀኝ እጄ አሁንም እላዩ ላይ ነው። ደክሞኛል። የባጃጁ ድምፅ ከመናኸሪያው በኩል እየቀረበ ነው።