የመለያው ባለቤት

አቶ አምሳሉ ሞተው የተገኙት በቤተሰባቸው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነበር። መኪናዋ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ፣ በሮቿ ተቆልፈው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ሾፌሩ ኑሪ ከምሳ ተመልሶ ሲከፍት ሽማግሌው በላብ ርሰው፣ ራሳቸው ወደ መስታወቱ አዘንብሎ አገኛቸው። የታመመ ልባቸውን ሙቀቱ እንዳቆመው ሐኪሙ ተናገረ። ኑሪ እዚያው ታሰረ።

ኢንስፔክተር ታቢታ ጉዳዩን ስትረከብ ከተጠርጣሪው በፊት የጠየቀችው ቁልፉን ነው። የኤሌክትሪክ መኪናዋን አስነሳች። ባትሪዋ ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር። ከዚያ የኋላውን በር መስታወት ዝቅ ብላ መረመረች፤ በውስጥ በኩል የጫማ ቀለም የመሰለ ጥቁር ጭረት አለ። ከሆስፒታል የተላከውን የሟቹን ፎቶግራፍ ደግሞ አየች። የግራ ጫማቸው ማሰሪያ አልታሰረም።

ኑሪን አስጠራችው።

«ኤሲውን አጥፍተህ ነው የሄድከው?»

«ወላሂ አላጠፋሁም! ጋሼ ከፊዚዮቴራፒ ሲወጡ ይደክማቸዋል። ሐይቁን እያዩ ማሸለብ ስለሚወዱ ሁልጊዜ ኤሲውን ለቅቄ፣ ሌባ እንዳይገባ ቆልፌ ነው የምሄደው። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።»

«ከውስጥ መክፈት አይችሉም ነበር?»

«ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸውም እንደ ልብ አይፈታም። አንዴ እየሄድን በር ስለከፈቱብኝ የኋላውን በር ከውስጥ እንዳይከፈት አድርጌዋለሁ።» ድምፁ ተሰበረ። «እኔው ነኝ ያደረግሁት።»

«ጫማቸውንስ ማን አጠለቀላቸው?»

ኑሪ ደነገጠ። «እጃቸው ውስጥ ነበር። በዚያ ሁኔታ ሰው እንዲያያቸው አልፈለግሁም። ሰው ከመጥራቴ በፊት አጠለቅሁላቸው።»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ለማን እነግራለሁ? ከዚያው አይደል የያዛችሁኝ!»

መኪናዋን የገዛችው የሟቹ ልጅ ሳያት ናት። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ትሠራለች። ታቢታ ልቅሶ ቤት ሄዳ ከድንኳኑ ጀርባ አነጋገረቻት።

«መኪናዋን በስልክሽ ታዢያታለሽ አሉ።»

«ነበር። በዚህ ሳምንት ግን መተግበሪያው አስወጣኝ።» ሳያት ስልኳን አሳየቻት። ጽሑፉ በሙሉ በቻይንኛ ነው። «አስተረጎምኩት፤ ‹ዋናው ባለቤት አስወግዶዎታል› ይላል።»

«ዋናው ባለቤት አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ሊብሬው በስሜ ነው። መኪናዋ በስልክ የምትታዘዝበት መለያ፣ አካውንቱ ግን በሸጠልን በአሸናፊ ስም ነው። የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃላ! ለገዢዎቹ ሁሉ እሱ ነው የሚከፍተው፤ በየዓመቱም የሚያድሰው እሱ ነው። ወደ ስሜ አዙርልኝ ስለው ‹ሲስተሙ አይፈቅድም› ይለኛል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መኪናዋ ውስጥ ባለው ካሜራ እንደሚያየን ገብቶኛል። አንድ ቀን እማዬ መኪና ውስጥ ለምን እንዳለቀሰች እየሳቀ ጠየቀኝ። ሌሎቹን ገዢዎች ሰብስቤ ልከሰው ነበር።»

«ልትከሺው እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ለአባዬ ብቻ ነው የነገርኩት፤ መተግበሪያው ባስወጣኝ ዋዜማ።»

«የት?»

የሳያት ፊት አመድ መሰለ። «መኪና ውስጥ» አለች።

አሸናፊ ታቢታን በመሸጫው በፈገግታ ተቀበላት። ስልኩ አዲስ ነው። አሮጌው ውሃ ገብቶበት ተበላሽቷል አለ።

«መኪናዋን ከሩቅ ማጥፋት ይቻላል?» ስትል ጠየቀችው።

«ይቻል ነበር፤ ግን የእነሱ አገልግሎት ጊዜው አልፏል። ማንም ከሩቅ ሊያዛት አይችልም። ጥፋተኛው ሾፌሩ ነው፣ ኢንስፔክተር። ምስኪኑ ሰውዬ በጫማቸው መስታወት እስኪደበድቡ ድረስ ምሳ ይበላል?»

ታቢታ አመስግናው ወጣች።

በማግስቱ ኑሪን፣ ሳያትን፣ አሸናፊንና የሟቹን ሚስት ወይዘሮ ገበያነሽን በፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ መኪናዋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ባትሪው ስላለቀ አይደለም ኤሲው የጠፋው» ብላ ጀመረች። «ኑሪ አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ ጋሽ አምሳሉ ገና ሳይርቅ ያንኳኩበት ነበር። ስለዚህ ኋላ ላይ፣ ከሩቅ ነው የጠፋው። አቶ አሸናፊ አገልግሎቱ ጊዜው አልፏል ብሎኛል። ጊዜው ያለፈ ግን ‹ይታደስ› ይባላል እንጂ ‹ዋናው ባለቤት አስወግዶዎታል› አይባልም። ሳያትን በእጁ ያስወገዳት ሰው አለ። ያስወገዳትም እከሳለሁ ባለች ማግስት ነው። ያን የሰማው አባቷና ይህች መኪና ብቻ ናቸው።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ አሸናፊ።

«እሺ፣ ጫማውስ? ኑሪ ሰው ሳይጠራ ነው ያጠለቀላቸው። ሐኪሙም፣ የሆቴሉ ዘበኛም ያዩዋቸው ጫማ አድርገው ነው። ኑሪ የጫማውን ነገር የተነፈሰው ለእኔ ብቻ ነው። መስታወቱን በጫማ መደብደባቸውን እንዴት አወቅህ? ሲደበድቡ ካላየህ በቀር?»

አሸናፊ ላቡን ጠረገ። «ማስረጃ አምጪ! መኪናዋን የሠራውን ካምፓኒ ጠይቂያ!»

«ጠየቅሁ» አለች ታቢታ። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ደከመ። «የመለያው ባለቤት ካልፈቀደ አንሰጥም አሉ።»

የመለያው ባለቤት አሸናፊ ነው።

ወይዘሮ ገበያነሽ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ ያ ካሜራ ድምፅም ይሰማል?»

አሸናፊ መሬት መሬት ያያል።

«እኔ እኮ ነኝ የጠየቅሁህ። ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«ምን አለ?»

«ላስፈራራት ብዬ ነው እንጂ… እንደዚያ ይሆናል ብዬ…»

«እሱን አይደለም። አምሳሉ ምን አለ?»

«ስምዎን ነበር የሚጠሩት» አለ አሸናፊ፣ የሚሰማ በማይመስል ድምፅ። «እስከ መጨረሻው።»

ሳያት ጮኻ ተቀመጠች። እናቷ ግን አላለቀሱም። «አሰማኝ» አሉት።

«አጥፍቼዋለሁ።»

ወደ ታቢታ ዞሩ። «ሌላ ቅጂ የለም?»

«ካምፓኒው ጋ ይኖር ይሆናል፣ እትዬ። ግን አይሰጡንም።»

«የባሌ ድምፅ እኮ ነው!»

ታቢታ አሸናፊን አሰረችው፤ ኑሪን ፈታችው።

ከዚያ ወዲህ ለካምፓኒው ደጋግማ ጻፈች። መልሱ አልተለወጠም፤ አሸናፊም ጠበቃው መክሮት ፈቃዱን አልሰጥም አለ። ወይዘሮ ገበያነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን ጣቢያው በር ላይ አስቀምጠው ይገባሉ።

«አልመጣም?» ይላሉ።

«አልመጣም፣ እትዬ» ትላለች ታቢታ፣ ተነሥታ ወንበር እያቀረበችላቸው።