የእጅ ፍሬን የሌላት ዲኤክስ

ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተንፈራግጦ ጠፋ።

«ፍሬኑን እንዳትለቅ!» አለች ራኬብ፣ የተቀመጠችበትን ወንበር በሁለት እጇ ጨምድዳ።

«አልለቀቅኩም! አትጩሂብኝ!»

ወንድሟ ኤልያቄም እግሩን ፍሬኑ ላይ ተክሎ መስታወቱን ያያል። መስታወቱን የሞላው አሸዋ የጫነ አይሱዙ ነው። ከኋላቸው ተጠግቶ ቆሞ፣ ጡሩምባውን ያለ ዕረፍት ያንባርቀዋል። ከአይሱዙው ኋላ ደግሞ ሁለት ባጃጅና አንድ ሚኒባስ ተደርድረዋል።

ከሀና ማርያም ሰፈራቸው ወደ አስፋልት የሚያወጣው ይህ የኮብልስቶን ዳገት ብቻ ነው። የአባታቸው አሮጌ ዲኤክስ መኪና ደግሞ የእጅ ፍሬን የላትም። ማንሻው አለ፤ ቢስቡት ግን እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል እንጂ ምንም አይዝም። አባታቸው ሲያቆማት አንደኛ ማርሽ ያስገባና ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ይወሽቃል። ኤልያቄም መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና አሥር ቀኑ ነው፤ ያለ አባቱ ሲነዳትም ይህ የመጀመሪያው ነው። ዳገት ላይ ማስነሳት የተማረው የእጅ ፍሬኗ ጥርቅም አድርጎ በሚይዝ የማሠልጠኛ መኪና ነው።

«ውረጂና ድንጋይ ፈልጊ» አላት። ድምፁ ቀጥኗል።

ራኬብ ወርዳ ከመንገዱ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ አንስታ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀች። የአይሱዙው ሹፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«እህቴ፣ ልጁን አውርጂውና ድንጋዩ ይንዳ!»

ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሁሉ አውካኩ። ኤልያቄም ጆሮው ቀላ። ሞተሩን አስነስቶ ነዳጁን እስኪጮኽ ረገጠው፣ በግራ እግሩ የያዘውን ፍሪሲዮን በአንዴ ለቀቀው። መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለችና ጠፋች፤ ወደ ኋላ ስትመለስም ድንጋዩን አንድ ስንዝር ገፋችው። ራኬብ እግሯን የሰበሰበችው ለጥቂት ነው። ዞራ የኤልያቄምን በር ከፈተች።

«አንደኛ አስገባና ውረድ።»

«አብደሻል? አሥራ አምስት ዓመትሽ ነው እኮ!»

«ዕድሜዬን ለመኪናዋ አትንገርብኝ። ውረድ!»

ወረደ።

በየማለዳው ሞተሩን ማሞቅ የራኬብ ሥራ ነው። አባቷ ፊቱን እስኪታጠብ ግቢው ውስጥ አንድ ክንድ ወደ ፊት፣ አንድ ክንድ ወደ ኋላ ታደርጋታለች። ማንም አላስተማራትም። ኋላ ወንበር ላይ መሀል ተቀምጣ የአባቷን እግሮች በማየት ነው የተማረችው። የዚህች መኪና ፍሪሲዮን የት ላይ እንደሚይዝ ግራ እግሯ ያውቃል።

አሁን ያንን እግር ፍሪሲዮኑ ላይ፣ ቀኙን ፍሬኑ ላይ ተከለች። ሞተሩን አስነሳች። ጡሩምባውን ላለመስማት ጥርሷን ነክሳ ፍሪሲዮኑን ቀስ፣ ቀስ እያለች ለቀቀች። የሞተሩ ድምፅ ወፈር አለ፤ የመኪናዋ አፍንጫ ቀና አለ። ያዘ! ቀኝ እግሯን ከፍሬኑ አንስታ ነዳጁ ላይ አሳረፈች። ዲኤክሷ እያቃሰተች፣ ግን ሳትንሸራተት፣ ዳገቱን ወጣች።

ጫፉ ላይ ወንበር ተቀያየሩ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አላት ኤልያቄም፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ።

«ለማን እናገራለሁ? አባዬ እኔን ነው የሚገድለኝ።»

ሲመለሱ አባታቸው ላቀው ግቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። መጀመሪያ ያየው መኪናዋን ነው፤ ዙሪያዋን ዞሮ አንድም ጭረት አጣ።

«ዳገቱስ?»

ኤልያቄም ጉሮሮውን ጠረገ። «ወጣሁት።»

«በድንጋይ?»

«አንዴ ብቻ… ከዚያ ፍሪሲዮኑን እስኪይዝ ጠብቄ፣ ቀስ አድርጌ ለቀቅኩት።»

የራሷን ጉርሻ ሌላ ሰው ሲጎርስባት ምን እንደሚመስል ራኬብ ያኔ ገባት። አባቷ የወንድሟን ትከሻ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። እንዲህ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች።

«በል ሰው ሆንክ! ያንን ዳገት በዚህች መኪና ከወጣህ የትም ትነዳለህ። ነገ ሥራ ነኝ፤ የቤተልሄምን ልጅ ለአርባ አምስት ቀን ክትባቱ አንተ ትወስዳለህ። እናትህም አብራ ትሄዳለች።»

ቤተልሄም የእናታቸው ታናሽ እህት ናት፤ ከወለደች ጀምሮ የምትታረሰው እነሱ ቤት ነው። ራኬብ እውነቱን ልትናገር ፈለገች። ብትናገር ቅናት ነው ይሏታል። ደግሞ እውነትም ትንሽ ቅናት ሳይኖርበት አይቀርም፤ ይህንን ለራሷም አልደበቀችም።

ያን ዕለት ምሽት ውሃ መጥታ ነበርና ሁለቱ ጀሪካን ሲሞሉ ብቻቸውን ሆኑ።

«ነገ በምን ልትወጣው ነው?» አለችው።

«እወጣዋለሁ።»

«በምን? በጸሎት?»

«አቦ ተይኝ!»

«ሕፃኑ እኮ ነው የሚሳፈረው፣ ኤልያ። ዛሬ ድንጋዩ ሌላ አንድ ስንዝር ቢንሸራተት አይሱዙው ላይ ነበርን። ነገ ሰኞ ነው፤ ጠዋት ዳገቱ በተማሪ ይሞላል።»

ኤልያቄም የሞላውን ጀሪካን ከደነና እዚያው ቁጢጥ አለ። «ማትሪክ ከወደቅኩ ወዲህ አባዬ አንድ ቀን ዓይኔን አይቶኝ ያውቃል? ዛሬ ነው ያየኝ። አይተሻል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«በቃ። ደግሞ ብትናገሪ አንቺንም መኪናዋ አጠገብ አያስደርስሽም። ሞተር ማሞቁም ቀረ።»

ይህ የሚያማት ቦታ ነበር፤ እሱም ስለሚያውቅ ነው የተናገረው። በየማለዳው ሰፈሩ ሳይነቃ ያቺ አሮጌ ብረት ከእግሯ ሥር ስትነሳ የሚሰማትን ነገር ራኬብ ለማንም ነግራ አታውቅም። ጀሪካኗን አንስታ ገባች።

ጠዋት የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ ሞተሩን አሞቀች። ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ። ከዚያ ወርዳ ወንበሩን ለኤልያቄም ለቀቀች። ቤተልሄም በነጭ ፎጣ የተጠቀለለውን ሕፃን አቅፋ ኋላ ገባች፤ እናታቸው አስቴር የክትባት ካርዱን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ቀስ ብለህ ሂድ፣ የኔ ልጅ» አለችው አስቴር። «ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

ኤልያቄም ራሱን ነቀነቀ። ራኬብ ከመስኮቱ ዝቅ ብላ ስታይ የማይዘውን የእጅ ፍሬን ማንሻ እየደጋገመ ይስባል። እሱም ቀና ብሎ አያት። ያን ያህል የሚለምን ዓይን ወንድሟ ላይ አይታ አታውቅም። ዝም እንድትል ይሁን እንድትናገር መለየት ግን አልቻለችም።

«ራኬብ፣ የግቢውን በር ክፈቺለት እንጂ!» አለ ላቀው፣ ምሳ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ሥራ ለመውጣት እየተሰናዳ። «የሥራ መኪናዬ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ነው ያደረው፤ እዚያ ድረስ በታክሲ ነው የምሄደው፤ እያረፈድኩ ነው።»

ራኬብ ወደ በሩ ሄደች። አንዱን ክንፍ ግማሽ ድረስ ከፈተችው። ውጭ መንገዱ ላይ ቦርሳ ያዘሉ ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ዳገቱ ይወጣሉ። አንዷ ጫማዋን ለማሰር መሀል መንገድ ላይ ቁጭ አለች።

ራኬብ የበሩን ክንፍ መልሳ ዘጋችው። መቀርቀሪያውን ገፋችና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«አባዬ፣ አንዴ ጠብቀኝ» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጎልቶ ወጣ። «ትናንት ዳገቱ ላይ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ላቀው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ በመኪናዋ መስታወት ውስጥ አንገቱን የደፋውን ልጁን አየ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና ሄዶ የኤልያቄምን በር ከፈተ።