የሰማይ ሰዎች ጥለት

እንድሪያስ ሲቀላ ወዳለው ቤቴ የመጣው በ1988 ዓ.ም. ለእናቱ ነጠላ ሊያሠራ ነው። እዚያው አርባ ምንጭ የውሃ ምሕንድስና ይማር ነበር። ልጄ ፀዳለ ጥጥ እየፈተለች ቀና ብላ አየችው፤ እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። እኔ ሸማ እየሠራሁ ሁለቱንም አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ነጠላው ደረሰ ወይ እያለ ይመላለስ ጀመር። ወሬው ስለ ሰማይ ነው። ከሌላ ዓለም ያሉ ፍጡራን መልእክት ቢልኩልን፣ ቋንቋችንን ስለማያውቁ በቁጥር ይናገራሉ ይል ነበር። ሠላሳ አምስት ምልክት ቢልኩ፣ ሠላሳ አምስት ከአንድና ከራሱ ሌላ የሚካፈለው ለአምስትና ለሰባት ብቻ ነው፤ ተቀባዩ በዚያ ልክ በረድፍ ሲደረድራቸው ሥዕል ይወጣል። ፀዳለ ፈትሏን ረስታ ትሰማዋለች።

«የሰማይ ሰዎችህ ሸማ ይለብሳሉ?» አልኩት። «ካልለበሱ ለእኔ ምን ይረቡኛል?»

ፀዳለ እሱን እያየች ሳቀች። ያ ሳቅ አስፈራኝ።

ጨንቻ ላለው ወዳጄ ለሀብተጊዮርጊስ፣ ፀዳለን ለልጁ ልድርለት ቃል ሰጥቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ እሑድ ይወርዳሉ። ስለዚህ እንድሪያስን ደጅ ላይ አስቆምኩትና ከእሷ ጋር አንድ ቃል እንዳይነጋገር፣ ደብዳቤም እንዳይልክ ነገርኩት።

እሺ አለኝ። ከዚያ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ለነጠላው ጥለት ነው አለኝ። በአንድ መስመር ሠላሳ አምስት ቦታ፤ አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ ነጭ። ሚዛን የለውም።

«ይሄ መልእክት ነው» አልኩት።

«አዎ፣ ጋሼ ኤርጫፎ። ቃል ግን የለበትም።»

ድፍረቱ አናደደኝ፤ ደስም አለኝ። እሠራዋለሁ አልኩት። ፀዳለ ማንም ሳይረዳት እስከ እሑድ ካነበበችው ለሀብተጊዮርጊስ የሰጠሁትን ቃል አነሣለሁ፤ ካላነበበችው ግን በደጄ አያልፍም። ተስማማ።

ጥፋቴን ያየሁት ነጠላው ከወረደ በኋላ ነው። በወረቀቱ ላይ ስምንት ቀይ ይከታተላል። እጄ በልማድ፣ ሳላስበው፣ አንዱን ነጭ አድርጎታል። ልናገር አሰብኩ። ነጠላውን አጥፌ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ የእንድሪያስን ነጠላ ለፀዳለ ሰጥቼ ጥለቱን አንብቢ አልኳት። መሬት ላይ ተቀመጠች። ለቀዩ የጥጥ ፍሬ፣ ለነጩ በቆሎ አደረገች። መጀመሪያ አምስት አምስት ደረደረች። ምንም አልወጣም። ጠራረገችውና ሰባት ሰባት አድርጋ እንደገና ጀመረች። መጨረሻው ረድፍ ላይ እጇ ቆመ።

«ቤት ነው» አለች። «ጣሪያ፣ ግራና ቀኝ ግድግዳ፣ ውስጡ ሁለት ሰው።» ጣቷን ጣሪያው መሃል አሳረፈች። «እዚህ ጋ ግን ያፈሳል። እሱ የሚያፈስ ቤት አይልክልኝም። አባዬ፣ ይቺን ያስተካከልካት አንተ ነህ።»

አፈርኩ። «ስምንት ቀይ ተከታትሎ ዓይኔ አልቻለም» አልኳት።

እየሳቀች በቆሎዋን አንሥታ የጥጥ ፍሬ አስቀመጠች። ጣሪያው ተደፈነ።

እንድሪያስን አስጠራሁት። በሩ ላይ ቆመ፤ አየችው፤ አያት። መልሷ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ጎንበስ አለችና በሁለቱ ሰዎች መካከል የነበረችውን አንዲት በቆሎ አነሣች፤ በቦታዋ የጥጥ ፍሬ አኖረች። ሁለቱ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያያዙ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሳይነሡ በማለዳ ጨንቻ ወጣሁ። ሀብተጊዮርጊስ ተቆጣ። ቻልኩት።

የፀዳለን የሠርግ ነጠላ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥለቱ ያው ቤት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ተያይዘዋል፣ ስምንቱም ቀይ በየቦታው አለ። የሲቀላ ሸማኔዎች አርጅቶ እጁ ሳተ ብለው ሳቁብኝ።

እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።